ቁራጭ ጨርቅ አይደመርም

የጻፍኩት ኮድ ግድግዳ ላይ በርቶ ሲሳቅበት ያየሁት ገና የሙከራ ሠራተኛ ሳለሁ ነው።

ቢሯችን አብነት አጠገብ ያለ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ከእኛ በታች ያሉትን ፎቆች የብርድ ልብስ፣ የሻንጣና የፕላስቲክ ዕቃ አከፋፋዮች ይዘዋቸዋል። አሳንሰሩን ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስለሚሳፈርበት እኛ በደረጃ እንወጣለን። ሥራችን ለመርካቶ ነጋዴዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ነጋዴው ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ሲከፍት መጋዘኑ ውስጥ ምን እንደቀረው ያያል። በየሳምንቱ የአንዳችን ኮድ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይበራና ሁላችንም እናየዋለን። ሪቪው እንለዋለን። ሌላ ቦታ ሰው የሚተራረምበት ይሆናል፤ እኛ ቢሮ ግን ሰው የሚዋረድበት ሰዓት ነው።

«ይሄን የጻፈው ማነው?» አለ የቡድን መሪያችን። ስሜ ከኮዱ አናት ላይ ተጽፏል።

«እኔ ነኝ።»

«ማን?»

«እኔ ነኝ» አልኩ እንደገና። ሁለተኛው ከመጀመሪያውም ያነሰ ድምፅ ነበር።

«እሺ፣ እስቲ አብረን እንየው። ለበርበሬ አንድ ፈንክሽን። ለጫማ አንድ ፈንክሽን። ለጨርቅ አንድ ፈንክሽን። ሽንኩርት ነጋዴ የመጣ ቀንስ? ለቀዩ አንድ፣ ለነጩ አንድ ልትጽፊልን ነው?»

ሳቁ። ጠዋት ቻርጀሬን ያዋስኩት የሥራ ባልደረባዬ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

«ዩኒቨርሲቲ ጀነሪክ አላስተማሯችሁም እንዴ? ወይስ ያን ቀን ቀርተሽ ነው?»

«ተምረናል።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ይሄ እኮ ኮፒ ፔስት ነው። ፋራ ኮድ!»

ከዩኒቨርሲቲ ጥሩ ውጤት ይዤ ነው የወጣሁት። ሥራ ያሳጣኝ ቃለ መጠይቅ ነው። ጠያቂዎች ፊት ስቀመጥ የማውቀው ሁሉ ይጠፋኛል፤ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ ስለ ራሴ የማላውቅ ይመስል ጠረጴዛውን አያለሁ። በዚህ ምክንያት ከብዙ ቢሮ በትህትና ተሸኝቻለሁ። ይህኛው የቀጠረኝ ፈተናውን በጽሑፍ ስለሰጠ ብቻ ነው። አሁን የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ግምገማዬን የሚጽፈው ደግሞ ኮዴን ግድግዳ ላይ ያበራው ሰው ነው። እሱ «አትሆንም» ካለ ተመልሼ ወደዚያ ወንበር ነው። ስለዚህ ያን ቀን ግድግዳውን እያየሁ የማስበው ስለ ኮዱ ብቻ አልነበረም።

ከኮድ ጋር ለማይተዋወቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ፈንክሽን አንድ የተወሰነ ሥራ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል ነው፤ ዕቃ ይሰጡታል፣ ሠርቶ ውጤቱን ይመልሳል። ተራ ፈንክሽን የሚቀበለውን ለይቶ ያውቃል። የጨርቁ ጨርቅ ብቻ ይቀበላል፣ የበርበሬውም በርበሬ ብቻ። ጀነሪክ የሚባለው ግን የሚመጣለትን ነገር ምንነት አይጠይቅም፤ ምንም ይምጣ ምን ያንኑ ሥራ ይሠራል። የመርካቶ ተሸካሚ ጀነሪክ ነው ማለት ይቻላል። ጀርባው ላይ የተጫነው ሚስማር ይሁን ሽምብራ አያገባውም፣ ማድረስ ነው ሥራው። በርበሬ የሚገዛ ሰው ግን እጁን ጆንያው ውስጥ ይሰዳል፣ ያሸታል፣ አንዱን ሰብሮ ፍሬውን ያያል። ያንን በሚስማር ላይ ልሞክር የሚል ሰው የለም።

መሪያችን «ቀሪ» የሚል ጀነሪክ ፈንክሽን ጽፎ ነበር። የትኛውንም ዕቃ ይቀበላል፣ በየቦታው የተረፈውን ይደምራል፣ አንድ ቁጥር ይመልሳል። ደንበኛ የጠየቀው ከቁጥሩ ካልበለጠ የኮምፒውተሩ ማያ ላይ በአረንጓዴ «አለ» ይላል። አጭር ነው። ያምራልም፤ ጠላቴ ስለጻፈው አያምርም አልልም። ለበርበሬ በትክክል ይሠራል፤ እዚህ ግማሽ ጆንያ፣ እዚያ ግማሽ ጆንያ ካለ አንድ ጆንያ በርበሬ አለ። ለጨርቅ ግን ውሸት ነው። እናቴ እዚሁ መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ያደግኩት ከስፌት መኪናዋ ሥር ቁራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ ነው። ከአንድ ጣቃ የተረፈ ሦስት ሜትርና ከሌላ ጣቃ የተረፈ ሦስት ሜትር ስድስት ሜትር ጨርቅ አይሆንም፤ ሦስት ሜትርና ሦስት ሜትር ሆኖ ይቀራል። ስድስት ሜትር የፈለገ ሰው መሐሉ ላይ ስፌት አልፈለገም። ለጨርቅ ጥያቄው «በድምሩ ስንት ቀረ» ሳይሆን «ሳይቆረጥ የሚገኘው ረጅሙ ስንት ነው» የሚለው ነው። የጫማውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ቁጥር አርባ ለጠየቀ ሰው የሠላሳ ስምንት ካርቶን ቢደመር ምን ይረባዋል? ሥራው የተለያየ ስለሆነ የተለያየ ፈንክሽን ጻፍኩ።

ይህን ሁሉ ያኔ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን፣

«ጨርቅ አይደመርም» ብቻ ነው።

«ምን አልሽ?»

«ጨርቅ… አይደመርም።»

«ሜትር አይደመርም? ሒሳብም አላስተማሯችሁም ማለት ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቺ ቃሌ የቢሮው መዝናኛ ሆነች። ሻይ ስንጠጣ «ስኳር ይደመራል?» ይሉኛል። ምሳ ላይ አንዱ ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ይሄ ይደመራል ወይስ ለየብቻ ነው የሚበላው?» ይላል። መሪያችን አይስቅም፤ ሌሎቹ ሲስቁ ዝም ብሎ ያያል፣ ይኸኛው ከሳቁ ይብሳል።

ፈንክሽኖቼን በዚያው ከሰዓት አጠፋቸው። ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ «ድግግሞሽ» የሚል አንድ ቃል አስቀመጠ። ላፕቶፔ ላይ ግን ቅጂያቸው አለ፤ የጻፍኩትን ነገር አልጥልም።

በአፍ ያልቻልኩትን በቴሌግራም ጻፍኩለት። ደግሞ እሱን ስናገር ምን ብዬ እንደምጠራው ይቸግረኛል። ከእኔ ጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ «እርስዎ» እንዳልል ልጅ ነው፣ «አንተ» እንዳልል አፌ አይታዘዝም። «ቢታይ ጥሩ ይመስለኛል፣ ቢታሰብበት» እያልኩ ማንንም የማይነካ መልእክት ጻፍኩ። የጣቃና የቁራጭ ሥዕል ሳይቀር ሠርቼ፣ ነገሩን ሰባተኛ ካለችው ልብስ ሰፊ እናቴ እንደተማርኩት ጠቅሼ አያያዝኩበት። ማየቱን የሚያሳየው ምልክት መጣ፤ መልስ አልመጣም። በማግስቱ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ለሁሉም እንዲሰማ «ትናንት የስፌት ትምህርት በቴሌግራም ተልኮልኛል፤ መርፌ ያለው ሰው አለ?» አለ።

ፕሮግራሙ እንዲሁ፣ ከነመደመሩ፣ ወደ ሐጂ ሱቅ ገባ።

ሐጂ የምንላቸው የጨርቅ ጅምላ ነጋዴ የስልጤ ሰው ናቸው። ከልጆቻቸው ጋር በስልጥኛ፣ ከደንበኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ሲናደዱ በሁለቱም። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ጣቃ ተደርድሮበታል። ዋናው ዕቃ ግን ከጀርባ፣ በሌላ ቅያስ ባለው መጋዘን ነው። ሱቃቸው ባለበት መስመር አንድ ልማድ አለ። ነጋዴው ለደንበኛ «አለ» ካለ ያ ደንበኛ የእሱ ነው፤ ደንበኛውም ሌላ ሱቅ አይጠይቅም፣ ጎረቤት ነጋዴም «እኔ ጋ ና» ብሎ አይጠራም። «ሐጂ ጋ ይዣለሁ» ካለ አለቀ፣ ያሳልፉታል። ስለዚህ «አለ» እዚያ መስመር ላይ ቀላል ቃል አይደለም። ጎረቤቱ አፉን የሚዘጋው ያቺን ቃል አምኖ ነው። እኛ ይህችን ቃል ከሐጂ አፍ ወስደን ለኮምፒውተር ሰጠናት፣ በአረንጓዴ ቀለም።

አንድ ረፋድ የመሪያችን ስልክ ጮኸ። «አቤት ሐጂ… እሺ… እሺ ሐጂ… አሁኑኑ ሰው እልካለሁ» ሲል ፊቱ ተለዋወጠ። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«የጨርቅ ዶክተር፣ ላፕቶፕሽን ያዢና ውረጂ። ሐጂ ተቆጥተዋል።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሂጂና ደምሪላቸው።»

ምን እንደሆነ ደረጃውን ሳልጨርስ ገብቶኛል። ዝናብ ያቦካውን መንገድ፣ «ዞር በይ! ጀርባ! ጀርባ!» እያሉ ከነሸክማቸው የሚበሩትን ተሸካሚዎች እየሸሸሁ፣ ላፕቶፔን ደረቴ ላይ አቅፌ ሄድኩ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምመኘው፤ ሱቁ ውስጥ ሰው እንዳይበዛ።

ሱቁ ሞልቷል።

«መጣች?» አሉ ሐጂ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው የሚከተለኝ ይመስል በትከሻዬ አሻግረው እያዩ። «አንቺን ብቻ ነው የላኩት?»

«አዎ ሐጂ።»

«ነይ እስቲ። ነይ ጉዳችሁን እዪ!»

ማያው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ከፋይ ጨርቅ፣ አርባ ሜትር ይላል፤ አጠገቡ አረንጓዴው «አለ» በርቷል። መሸጫው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ያው ወይን ጠጅ ከፋይ ተቆልሏል፤ አራት ሜትር፣ ሰባት ሜትር፣ ሦስት ሜትር፣ ዘጠኝ ሜትር… ሁሉም ቁራጭ ነው። ቢደመር አርባ ነው። የመሪያችን ሒሳብ አልተሳሳተም።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አንዲት ወፍራም ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። የሠርግ አዳራሽ የምታስውብ ናት። ለመድረኩ ጀርባ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሄድ፣ ያልተቀጠለ አሥራ አምስት ሜትር አዝዛ ነበር።

«አንቺ ነሽ የኮምፒውተሯ ልጅ?» አለችኝ። «እኔ ሐጂ አለ ብለውኝ ሌላ ሱቅ አልረገጥኩም። ጠዋት ማዶ ሲጠሩኝ 'ሐጂ ጋ ይዣለሁ' ብዬ ነው ያለፍኩት። አሁን ይሄን ብጥስጣሽ አምጥተው ይቆልሉልኛል! ከሙሽሮቹ ጀርባ የሚሰቀል ነው እኮ። የተጣጣፈ ጂንስ መሰለሽ?»

«ይቅርታ…» አልኩ።

«ይቅርታሽን ልስቀለው?»

ሐጂ ጠረጴዛውን በእንጨት ሜትራቸው መቱት። «እዚህ ሱቅ ውስጥ ነው የሸበትኩት። አለ ብዬ ሳይኖር ቀርቶ አያውቅም፣ ወላሂ አያውቅም! ዕቃዬን በእጄ አውቀዋለሁ። እናንተ ናችሁ 'ሐጂ፣ መጋዘን መመላለስ ቀረ፣ ከዚሁ ይዩት' ያላችሁኝ። እሺ ብዬ አየሁ። አለ አለኝ፣ አለ አልኳት። አሁን ውሸታሙ ማነው? ኮምፒውተሩ ነው እኔ?»

በሩ ላይ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ባለቤት ክንዱን አጣጥፎ ተደግፏል። «ሐጂ፣ አይቸኩሉበት እንጂ! ኮምፒውተሩ ገና እየሸመነው ይሆናል» አለ። ከኋላው ያሉት በሳቅ ፈነዱ።

ሐጂ ወደ እሱ በስልጥኛ አንድ ነገር ወረወሩና ስልካቸውን አነሱ። መሪያችን ጋ ደወሉ፤ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርገው ቁራጮቹ ላይ አስቀመጡት።

«ልጅቷ መጥታ እንጨት ሆና ቆማለች» አሉት። «ምን ላድርጋት?»

«ሐጂ፣ በጣም ይቅርታ» አለ ድምፁ። ከእኔ ጋር ሲያወራ የሌለው ማር ነበረበት። «ልጅቷ አዲስ ናት፤ ገና ሙከራ ላይ ናት። የጨርቁን ክፍል የጻፈችው እሷ ነበረች። ተሳስታ ነው፣ እናርመዋለን።»

ሱቁ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ይህን አስተያየት ከቃለ መጠይቁ ወንበር ላይ አውቀዋለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ዝም ስል የማጣው ሥራ ነበር። እዚህ ዝም ብል ግን ያቺን ብልሹ ፈንክሽን እኔ እንደጻፍኳት ይቀራል። በስሜ የቆመ ውሸት ጠዋት ጠዋት በአረንጓዴ እየበራ «አለ» ሲል ይኖራል።

«አይደለም» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አሉ ሐጂ።

«ያንን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። እኔ የጻፍኩት ጠፍቷል።»

«እሱን ቢሯችሁ ሄዳችሁ ተጨቃጨቁ! ማን ጻፈው ምን አገባኝ? አለ ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ!»

እውነታቸውን ነው። ተቀመጪ ያለኝ ስለሌለ የተጋደመ ጣቃ ላይ ተቀመጥኩና ላፕቶፔን ከፈትኩ። የሐጂ መጋዘን መረጃ ቁራጭ በቁራጭ ተመዝግቦ አለ፤ የሚያበላሸው መደመሩ ነው። ያን የተጣለ ፈንክሽኔን አስነሳሁት። ከፋይ፣ ወይን ጠጅ፤ ሳይቆረጥ የሚገኘው ረጅሙ ዘጠኝ ሜትር። ከሥሩ ቁራጮቹ ከረጅም ወደ አጭር ተደርድረው ወረዱ። አሥራ አምስት ብዬ ጠየቅኩት። በቀይ «የለም» አለ።

ላፕቶፑን ወደ ሐጂ አዞርኩት። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ መጀመሪያ ማያውን፣ ቀጥሎ ቁራጮቹን፣ እንደገና ማያውን አዩ።

«ይሄ እኮ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ይኸኛውም ቁጣ ነበር። «ይሄ እስካሁን የት ነበር?»

«ጠፍቶ ነበር።»

«ማን አጠፋው?»

ስልኩ አሁንም ከፋዩ ላይ ተጋድሟል። መስመሩ አልተዘጋም፤ ቢሯችን ውስጥ ያለው የማተሚያ ማሽን ሲያጉረመርም ይሰማል።

«ድግግሞሽ ነው ተብሎ ነው የጠፋው» አልኩ ወደ ስልኩ እያየሁ።

«ሐጂ… ኔትወርኩ…» አለ ስልኩ፤ ተዘጋ።

«የሷ 'የለም' ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች አዳራሽ አስዋቢዋ። «ጨርቅ ስጡኝ!»

ሐጂ ራሳቸው ተነሥተው ወጡ። መንገዱን ተሻግረው በሩ ላይ ሲስቅባቸው የነበረውን ሰው ሱቅ ገቡ። የሚሉት አልተሰማም፤ የሚሏቸው ግን ተሰማ። «ሐጂ፣ እኔ ጋ ኮምፒውተር የለም፤ በእጅ ብቻ ነው የምንሸጠው፣ ይሆንዎታል?» ሙሉ ጣቃ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲመለሱ ፊታቸው ከከፋዩ ቀልቷል። ለሴትየዋ ለክተው ቆረጡላት። እኔን ያዩኝ ስትወጣ ነው።

«ሂጂ ከፊቴ። ለአለቆችሽ ንገሪልኝ፤ ያቺ 'የለም' የምትለዋ ካልገባች ኮምፒውተራችሁን አንሡና ሽንኩርት ቁጠሩበት።»

መሪያችን ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። ሦስት የብርድ ልብስ እስር የተሸከመ ሰው እስኪያልፍ ሁለታችንም ግድግዳው ላይ ተለጠፍን።

«ደንበኛ ፊት አሳጣሽኝ» አለ።

አንድ እርከን ወጣሁ።

«ስሚ። ጀነሪኩ ላይ ለጨርቅ የሚሆን ነገር እጨምራለሁ። ነገ ሪቪው ላይ ጋሼ ይገባሉ። 'ተስማምቻለሁ' ትያለሽ። ግምገማሽን አሳምሬ እጽፋለሁ። እምቢ ካልሽ ደግሞ ሰባተኛ ሩቅ አይደለም፣ እናትሽን ታግዣለሽ።»

ጋሼ የምንላቸው የድርጅቱን ባለቤት ነው። ኮድ አያውቁም፤ ሪቪው ላይ የሚገቡት ደንበኛ ሲቆጣ ብቻ ነው።

በማግስቱ ግድግዳው ላይ የበራው የእሱ ፈንክሽን ነበር። እንደበፊቱ አጭር አይደለም። አናቱ ላይ የትኛውንም ዓይነት ዕቃ እንደሚቀበል ይናገራል፤ ከሥሩ «ዕቃው ጨርቅ ከሆነ እንዲህ አድርግ፣ ጫማ ከሆነ እንዲህ አድርግ፣ አለበለዚያ ደምር» የሚሉ መስመሮች ተደርድረዋል።

«አንድ ፈንክሽን፣ ለሁሉም» አለ ለጋሼ። «የልጅቷንም ሐሳብ አካትቼበታለሁ።»

«ተስማማሽ?» አሉኝ ጋሼ፣ ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነው።

ያዘጋጀልኝ ቃል አንዲት ናት፤ ለማለትም ቀላል ናት። እጄን ጠረጴዛው ሥር አያይዤ ግድግዳውን አየሁ።

«አልተስማማሁም።»

ጋሼ ከስልካቸው ቀና አሉ። አንዱ «አልተደመረችም» ብሎ አንሾካሾከ።

«አናቱ ላይ ለማንኛውም ዕቃ ይሠራል ይላል» አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ እየተንቀጠቀጠ ቀጠለ። «ውስጡ ግን ጨርቅ ነህ? ጫማ ነህ? እያለ ይጠይቃል። ሁሉም ይግባ የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ በሩ ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ማንነት የሚመረምር ዘበኛ ነው። ካልጠየቀ ይሳሳታል። ከጠየቀ ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው የሚለው ማስታወቂያ ውሸት ነው። ነገ ቆርቆሮ ነጋዴ መጥቶ ያቺን ጥያቄ መጨመር ብንረሳ 'አለበለዚያ' ውስጥ ይገባና ዝም ብሎ ይደምራል፤ አለ ይላል። ለየዕቃው ተራ ፈንክሽን ቢሆን ግን የቆርቆሮው ገና ስላልተጻፈ ፕሮግራሙ እኛው ጋ እምቢ ይላል። ነጋዴው ሱቅ ደርሶ ሰው አያዋርድም።»

«በአማርኛ ንገሪኝ» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ መርካቶ ራሱ አንድ ሱቅ አይደለም። ቆርቆሮ ተራ አለ፣ በርበሬ ተራ አለ። የአንዱ አሻሻጥ ለሌላው አይሆንም።»

«ምናለሽ ተራም አለ!» አለ መሪያችን። ቢሮው ሳቀ። «እዚያ ሁሉም ነገር ይሸጣል።»

«እዚያም ጠርሙስ የሚሰበስበውና ጎማ የሚቆርጠው አንድ ሰው አይደለም።»

«ስለዚህ ጀነሪክ ይቅር ነው የምትይው? ሁላችንም ፋራ እንሁን?»

«አላልኩም። ቁራጮቹን ከረጅም ወደ አጭር የሚደረድርልኝ አንተው የጻፍከው ሌላ ጀነሪክ ነው። መደርደር ምን እንደሚደረደር አያገባውም፣ ርዝመቱን ከሰጡት ይበቃዋል። አለ ወይስ የለም የሚለው ግን ያገባዋል። ያንተን የተጠቀምኩት የሚሆንበት ቦታ ስለነበር ነው፤ እዚህ ግን አይሆንም።»

አንተ አልኩት፤ ልብ ያልኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። እሱም «ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ» ብሎ ጀምሮ ነበር። ጋሼ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«ማን ልክ እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም» አሉ። «ሐጂ ያዩት ይግባ። አንተ ሰው ኮድ ከማጥፋትህ በፊት አንብብ። አንቺም ሁለተኛ ደንበኛ ፊት አለቃሽን በስልክ እንዳታጋልጪ፤ ነገር ካለሽ እዚህ ተናገሪ።»

«እዚህ ተናግሬ ነበር» አልኩ።

«ጮክ ብለሽ ተናገሪ።»

ተነሥተው ወጡ። ማንም እንኳን ደስ አለሽ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። በዚያ ሳምንት ግምገማዬ ተጻፈ፤ «ሥራዋ ጥሩ ነው፤ ለቡድን የማትመች ናት» ይላል። ጋሼ ከሥሩ «ትቀጥል» ብለው ፈረሙ። ቀጠልኩ።

ሽሮው ላይ የሚቀለደው ቀረ፤ ከቀልዱ ጋር ምሳ የሚጠራኝም ቀረ። መሪያችን ሥራ የሚሰጠኝ በጽሑፍ ነው፤ እኔም በጽሑፍ እመልሳለሁ። በመልእክቶቼ ውስጥ «ቢታይ ጥሩ ይመስለኛል» የሚለውን ትቼዋለሁ። ይቅር አላልኩትም። እሱም ይቅር እንዳላለኝ አውቃለሁ፤ የጨርቁን ፈንክሽን ሲያስገባ ከአናቱ ላይ አስተያየት ጽፎበታል። «ጊዜያዊ ነው፤ ወደ ጀነሪኩ ይመለሳል» ይላል።

አስተያየቱን አልሰረዝኩትም። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው። አስተያየቱ አለ። ከሥሩ ፈንክሽኑ አለ። ከዚያ የራሴን ሥራ እጀምራለሁ፤ አሁን የያዝኩት የቆርቆሮውን ነው፣ ለብቻው።